ውሻ ይዞ ቤት መከራየት፦ የመያዣ ገንዘብን ሳያጡ መግባትና መውጣት

ስድስት ሺህ ብር ያጣሁት በአንድ የመታጠቢያ ቤት በር ምክንያት ነው። በሩ ቺፑድ ነበር፤ ገና ስገባ ጀምሮ ከታች እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ነበር። በ2011 ቤቱን ስለቅ ግን አከራዬ «ይህንን ያበላሸው ውሻሽ ነው» ብለው መያዣዬን አስቀሩት። ፎቶ አልነበረኝም። ደረሰኝ አልነበረኝም። ገንዘቡን የሰጠሁት በእጅ፣ ደላላው ፊት ነበር፤ ደላላውም ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳም። ያ ቤት በሐና ማርያም አካባቢ ነበር፤ በዚያ መንገድ ሳልፍ እስከ ዛሬ ድረስ ያ በር ትዝ ይለኛል።

አሁን የምኖረው ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። መቻል የሚባል አሥር ዓመት የሞላው ቡናማ ውሻና አንዲት ድመት አሉኝ። የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ከሐና ማርያሙ ቤት በኋላ ሌሎች ሁለት ቤቶችን በውሻዬ ስም መያዣ እየከፈልሁ ተከራይቻለሁ። አያት ሰፈር ከነበረው ቤት ስወጣ መያዣዬን ሳይጎድል ተቀብያለሁ፤ የአራብሳው ደግሞ በባንክና በወረቀት ታስሮ ተቀምጧል። ይህንን የምጽፈው እንደኔው ከከተማዋ ዳር፣ ከአያት ማዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ በላይ ውሻ ወይም ድመት ይዘው ቤት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ወደ ዳር የወጣነው ኪራዩ ስለሚቀልና ግቢው ስለሚሰፋ ነው። ሰፊ ግቢ ግን ውሻ ለማሳደር እንደሚመቸው ሁሉ ስለ ውሻ ለመጣላትም ይመቻል።

አንድ ነገር ከሁሉም በፊት ይያዝልኝ፦ መያዣ የተከራዩ ገንዘብ ነው። አከራዩ ዘንድ በአደራ የተቀመጠ እንጂ የአከራዩ ገቢ አይደለም። በአገራችን አደራ በላ መባል ምን ያህል ከባድ ነውር እንደሆነ እናውቃለን፤ ለቤት መያዣ ሲሆን ግን ይህ ነውር ይረሳል፤ አከራዩም ተከራዩም ገንዘቡ የት እንደሚገባ ሳይነጋገሩ ይጨባበጣሉ። ከዚህ በታች የምመክረው ሁሉ ያ ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የእኛ ሆኖ እንዲቆይ ነው።

በመጀመሪያው ስልክ ላይ መናገር

ለደላላው ስትደውሉ የክፍሉን ብዛት፣ ውሃው ግቢ ውስጥ መሆኑን፣ ቆጣሪው የግል መሆኑን ትጠይቃላችሁ። በዚያው ስልክ «አንድ ውሻ አለኝ» ብላችሁ ተናገሩ። ደላላው «እሱን ከገባሽ በኋላ ቀስ ብለሽ ታመጪዋለሽ» ይላችኋል። እሺ አትበሉ። የተደበቀ ውሻ በሦስተኛው ሌሊት ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ አከራዩ የሚያስታውሰው ውሻውን ሳይሆን ውሸቱን ነው። መያዣችሁን ለመያዝም በቂ ምክንያት ያገኛል።

አከራይ ውል ከመፈረሙ በፊት «ውሻ ያለው ተከራይ አልፈልግም» ማለት ይችላል። ይህንን መብቱን ማክበር ይገባል፤ ከውሻ ጥላቻ የማይመነጩ ምክንያቶችም አሉ። ሕፃናት ያሉበት ግቢ ሊሆን ይችላል። እብድ ውሻ ነክሶት የሞተ ዘመድ ያላቸው ሰዎች አሉ። አያት አካባቢ ያነጋገርኋቸው አንድ ሙስሊም አባት ውዱ የሚያደርጉበት ቧንቧ ከሰርቪሱ በር ሁለት እርምጃ ላይ ነበር፤ ውሻ በዚያ እንዲያልፍ አልፈለጉም። ሌላ መተላለፊያ ስላልነበረ ተመራርቀን ተለያየን። ድመቷን ግን «እሷ ትምጣ፣ አይጥ አስቸግሮናል» ብለውኝ ነበር። እንዲህ ያለ ግልጽ «አይሆንም» ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። ውሻው በውሉ ላይ ከተጻፈ፣ አከራዩ በስድስተኛው ወር ተነሥቶ ብቻውን «ከዛሬ ጀምሮ ውሻ አልፈልግም» ወይም «ለውሻው ሌላ መያዣ ጨምሪ» ሊል አይችልም። ስለዚህ ውሻው የሚጻፍበት ቀን የምትፈርሙበት ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይዘገይም።

ሕጉ የሚለውና የማይለው

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው መጋቢት 24 ቀን 2016 ነው። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል፤ በእኛ ሰፈር ያስመዘገብነው ወረዳው ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ይፋ በሚያደርገው መጠን ነው።

ስለ ውሻና ስለ ድመት ግን አዋጁ የተለየ መያዣ አላቆመም። ስለዚህ «የውሻ መያዣ» የሚባለው ነገር የሚመነጨው ከሁለታችን ስምምነት ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለውን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። አከራዩ የሁለት ወር ቅድሚያ ተቀብሎ «ለውሻው ደግሞ የሁለት ወር» ሲል፣ ስሙን ቀየረ እንጂ የጠየቀው የአራት ወር ኪራይ ነው። እንዲህ ያለውን እኔ አልቀበልም፤ እናንተም እንዳትቀበሉ እመክራለሁ። በየወሩ «የውሻ» ተብሎ የሚጨመር 500 ብርም እንዲሁ ነው። ውሉ ላይ የሌለ ወርኃዊ ጭማሪ በሌላ ስም የመጣ የኪራይ ጭማሪ ነው፤ ጭማሪ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቅድሚያ ክፍያና መያዣ እንዳይምታቱባችሁ። ቅድሚያ ክፍያ አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ነው፤ ስትኖሩበት ያልቃል። መያዣ አያልቅም፤ ጉዳት ካልደረሰ እንዳለ ይመለሳል። በቃል ስንነጋገር ሁለቱንም «ቅድሚያ» እንላቸዋለን፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም በዚህች አንድ ቃል ነው። በሐና ማርያም የእኔ ስድስት ሺህ ብር ለደላላው «ቅድሚያ»፣ ለአከራዩ «የውሻ»፣ ለእኔ «መያዣ» ነበር። ሦስታችንም ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነበር የምንነጋገረው።

አዋጁ ለአከራይም ጥበቃ አለው፤ እንስሳ ያለው ሰው ይህንን ማወቅ ግዴታው ነው። አከራይ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ውል ሊያቋርጥ ከሚችልባቸው ምክንያቶች መካከል የጎረቤትን ሰላም በተደጋጋሚ ማወክና በቤቱ ላይ ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት ጉዳት ማድረስ ይገኙበታል። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽ ውሻ የመጀመሪያውን፣ ተዘግቶበት በር የሚቦጭቅ ውሻ ሁለተኛውን ምክንያት በእጃችን ለአከራዩ ይሰጣል። ከዚህም ሌላ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም እንኳ። «ሰንሰለቱን በጥሶ ነው» ማለት አያድንም።

መያዣውን አብሮ መቁጠር

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነው። የአራብሳዋ አከራዬ እማማ መጀመሪያ የጠየቁኝ የአንድ ወር ኪራይ፣ ዘጠኝ ሺህ ብር ነበር። «ለምን ዘጠኝ ሺህ ሆነ?» ስላቸው «ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠይቀው» አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ስላላሰቡበት ነው። «እማማ፣ ውሻው ምን ምን ሊያበላሽ ይችላል? አብረን ዞረን እንየው» አልኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ያዝሁ።

በሩ የብረት ነው፤ ጥፍር ቢያርፍበት የሚላጠው ቀለሙ ነው፤ 800 ብር። የመስኮቱ የትንኝ ወንፊት ቢቀደድ 600 ብር። የግድግዳው ቀለም ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ቢቆሽሽ፣ ቀለምና የቀቢ ዋጋ ተደምሮ 2,000 ብር። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ውሻ ምንም አያደርገውም። አጥሩ ሥር ያሉት ጽጌረዳና ጌሾ ቢቆፈሩ «ለእሱስ ገንዘብ አልቀበልም» አሉ፤ እኔ ግን 500 ብር ጻፍሁ። ድምሩ 3,900 ሆነ። ወደ 4,000 አሳደግነውና ተስማማን። ከዘጠኝ ሺህ ወደ አራት ሺህ የወረድነው በክርክር አይደለም፤ በር በበር፣ መስኮት በመስኮት ቆጥረን ነው።

ይህ ቆጠራ ሌላም ጥቅም አለው። አከራዩ መያዣው ለምን እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስትወጡ የጣራውን ፍሳሽ ወይም የቧንቧውን ዝገት በውሻው ላይ አይጭንባችሁም። ዋጋውን በዚያው ሳምንት ሰፈር ውስጥ ካሉ ብረት ሠሪና ቀለም ቀቢ ጠይቁ፤ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የእኔን ቁጥር አትውሰዱ።

«የማይመለስ» የሚባል ክፍያ አለ። አንዳንድ አከራዮች አነስ ያለ ገንዘብ፣ ለምሳሌ 1,500 ብር፣ ለውሻው ተብሎ ለዘለቄታው እንዲሰጣቸው ይፈልጋሉ። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ያጓጓል። እኔ አልመክረውም፤ ምክንያቱም ተከራዩ ያንን ከፍሎም ስለ ጉዳት ተጠያቂነቱ አይቀርለትም፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የግድ ከሆነ ግን «ይህ ክፍያ እንስሳቱ የሚያደርሱትን ማናቸውንም ጉዳት ይሸፍናል» የሚል ቃል ይጻፍ።

ዶሮዎቹን ለብቻ ተነጋገሩባቸው። በከተማዋ ዳር ግቢ ማለት ዶሮ ማለት ነው፤ የእማማ ግቢ ስድስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎችና አንድ አውራ አሉት። «መቻል ዶሮ ቢይዝ ከመያዣው አይነካም፤ በዚያው ቀን የገበያውን ዋጋ እከፍላለሁ» አልሁና ጻፍነው። በታኅሣሥ አንዲት ቄብ ገደለባቸው። ማታውኑ 700 ብር ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እማማ ዝም ብለው ቆዩና «ውሻው ባይኖር ጅብ ነበር የሚወስዳት» አሉኝ፤ ገንዘቡን ግን ተቀበሉ። ደስ አለኝ፤ ባይቀበሉ ኖሮ ነገሩ ሆዳቸው ውስጥ ይቀር ነበር።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ

በእጅ አትስጡ። በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ፤ ኪራዩንና መያዣውንም በአንድ ላይ አትላኩ። ሁለት የተለያዩ ዝውውሮች ይሁኑ። ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ በአንዱ «የኪራይ ቅድሚያ»፣ በሌላው «የውሻ መያዣ ተመላሽ» ብላችሁ ጻፉ። ይህች አንዲት መስመር ከሦስት ምስክር ትበልጣለች። የደረሰኙን ምስል ለራሳችሁ አስቀሩ፤ አንድ ቅጂ አትማችሁ ከውሉ ጋር አያይዙት።

ደላሎች የሚያመጡት አንድ ሐሳብ አለ፦ ለግብሩ ሲባል በውሉ ላይ ኪራዩን አሳንሶ መጻፍ። ዘጠኝ ሺሁን አምስት ሺህ ብሎ የሚጻፍ ውል ላይ እጃችሁን አታኑሩ። ሕገ ወጥነቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ከወረቀቱ ውጭ የቀረው ገንዘብ ነገ ምንም ጠበቃ የለውም፤ መያዣውም ከወረቀቱ ውጭ ከቀረው ጋር ይሄዳል።

የውሉ ቃል

የእኛ ውል ዋናው ቅጽ ስለ እንስሳ ቦታ ስላልነበረው ተጨማሪ አንድ ገጽ አዘጋጅተን፣ ሁለታችንም ሁለት ምስክሮችም ፈርመንበት፣ ከውሉ ጋር አስመዘገብነው። ቃሉ እንዲህ ይላል፤ ለራሳችሁ እንዲስማማ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት፦

«ተከራይ መቻል የተባለ አንድ ቡናማ ወንድ ውሻና አንዲት ድመት ይዛ በቤቱ እንድትኖር አከራይ ተስማምተዋል። ተከራይ እንስሳቱ በቤቱ ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት መያዣ የሚሆን ብር 4,000 (አራት ሺህ) በባንክ ለአከራይ ሰጥታለች። ይህ ገንዘብ ኪራይም ቅድሚያ ክፍያም አይደለም፤ የተከራይ ንብረት ሆኖ ይቆያል። ተከራይ ቤቱን ለቅቃ ቁልፍ ካስረከበችበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይመለስላታል። አከራይ ሊቀንሱ የሚችሉት እንስሳቱ ያደረሱትን ጉዳት ለመጠገን የወጣውን ወጪ ብቻ ሲሆን፣ የጉዳቱን ዓይነትና ወጪውን በዝርዝር ጽፈው ከደረሰኝ ጋር ለተከራይ ይሰጣሉ። በዕድሜ፣ በመደበኛ አገልግሎት፣ በዝናብና በእርጥበት ምክንያት የመጣ ብልሽት አይቀነስም። በመግቢያ ቀን የተነሡት ፎቶግራፎችና የተፈረመው የርክክብ ዝርዝር የዚህ ውል አካል ናቸው።»

ዝርዝር መስጠትና የቀን ገደብ የሚለውን ሐሳብ ያገኘሁት ካሊፎርኒያ ከሚኖረው ወንድሜ ነው። በዚያ አገር ያለው ሕግ አከራይ ተከራዩ በወጣ በ21 ቀን ውስጥ መያዣውን እንዲመልስ፣ ከቀነሰም ዝርዝሩን እንዲሰጥ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደግሞ ጠቅላላው መያዣ ለአብዛኛው አከራይ ከአንድ ወር ኪራይ፣ ጥቂት ቤት ብቻ ላላቸው ትንንሽ አከራዮች ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ተደርጓል፤ «የውሻ» ቢባልም ከዚያው ጣሪያ ውስጥ ይቆጠራል። ያ ሕግ እዚህ አይሠራም። ነገር ግን ውል የምንጽፈው እኛ ነንና መልካሙን ከዚያ ወስዶ አራብሳ ላይ በስምምነት መጻፍ የሚከለክለን የለም። እማማ ቃሉን ሳነብላቸው ያነሡት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሃያ አንድ ቀን ምን ያደርጋል? በአሥራ አምስት ይሁን» አሉ። ቀኑን ያሳጠሩት እሳቸው ናቸው።

ስለ ዕርጅናና ስለ መደበኛ አገልግሎት የሚለው ቃል ደግሞ ከራሳችን ሕግ መንፈስ ጋር ይሄዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በር፣ መስኮት፣ ወለልና ቧንቧን የመሳሰሉ ትንንሽ ጥገናዎችን በተከራይ ላይ ቢጥልም፣ ብልሽቱ ከዕርጅና ወይም ከአቅም በላይ ከሆነ ነገር የመጣ ሲሆን ተከራይን አያስከፍልም።

የመግቢያ ቀን

ዕቃ ከመግባቱ በፊት፣ በቀን ብርሃን፣ አከራዩ ባለበት ፎቶ አንሡ። ሰው ብዙውን ጊዜ ክፍሉን ከመሐል ቆሞ ያነሣል፤ ያ ፎቶ ለምንም አይጠቅምም። ተንበርከኩ። ውሻ የሚኖረው ከመሬት እስከ ጉልበት ባለው ቦታ ነውና የበሩን የታችኛውን ክፍል፣ የግድግዳውን ጠርዝ፣ የወንፊቱን ማዕዘን፣ የውጭውን በር ሥር፣ የአጥሩን ቆርቆሮ ክፍተት ከቅርብ አንሡ። ቀጥሎ አንድ ረጅም ቪዲዮ ከውጭው በር ጀምራችሁ ሳታቋርጡ እስከ መጸዳጃው ድረስ ቅረጹ። ፎቶዎቹን በዚያው ሰዓት ለአከራዩ ወይም ለልጃቸው በቴሌግራም ላኩ፤ ቀኑ በራሱ ይመዘገባል።

የውሃ ብልሽትንና የጥፍር ጭረትን መለየት ተማሩ። ውሃ የጠጣ ቺፑድ ከታች ወደ ላይ ያብጣል፤ ሽፋኑ ይላቀቃል፤ ሲነካ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። የውሻ ጥፍር ግን ከታች ሳይሆን ከጉልበት ከፍታ አካባቢ፣ ወደ እጀታው በኩል፣ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ትይዩ መስመሮችን ይተዋል። በሐና ማርያም ይህንን አውቄ ቢሆን ኖሮ በዚያ በር ፊት ቆሜ ዝም አልልም ነበር።

የርክክብ ዝርዝሩ ረጅም መሆን የለበትም። የእኔ ግማሽ ገጽ ነው፦ ስንት ቁልፍ፣ የቆጣሪው ንባብ፣ አስቀድሞ የተሰበረው ነገር፣ የተቀደደው ወንፊት። «ከመግቢያ በፊት የነበረ» የሚለውን ቃል ከእያንዳንዱ አጠገብ ጻፉ።

ክትባቱና ጩኸቱ

የአከራይን ፍርሃት ከገንዘብ ይልቅ የሚያቀልለው የክትባት ካርድ ነው። መቻልን በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ አስከትበዋለሁ፤ የካርዱን ቅጂ ለእማማ እሰጣለሁ። ይህ ለመያዣው ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ከሞት የሚያተርፍ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የእኛ ውሻ የተከተበ ነው ብላችሁም አትዘግዩ። ግቢ ውስጥ ላሉ ልጆች ይህንን በመጀመሪያው ሳምንት ነግሬአቸዋለሁ።

በአራብሳ ሌሊት ጅብ ይጮኻል፤ ጅብ ሲጮኽ ውሻ ይመልሳል። ቀን ሙሉ በሰንሰለት የዋለ ውሻ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ንጋት ላይ አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን መቻልን ይዤ እወጣለሁ፤ ማታ ከመግቢያው በር ርቆ፣ ቤቴ ደጅ ላይ እንዲተኛ አደርጋለሁ። ከውጭው በር ሥር ያለውን ክፍተት በወፍራም ጣውላ ዘግቼዋለሁ፤ ውሻው እንዳይወጣ፣ ጅቡም እንዳይገባ። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቶቹን ቡና ጠርቼ፣ ጩኸቱ ሲያስቸግራቸው ከእማማ በፊት ለእኔ እንዲነግሩኝ ለምኛቸዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነግረውኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳይካረር አልቋል።

ኮንዶሚኒየም ለሚገቡ፦ ከአከራዩ ፈቃድ በተጨማሪ የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ ኮሪደሩና ግቢው የጋራ ነው። ደንቡን አንብቡ፤ አከራዩ የፈቀደውን ማኅበሩ ሊከለክል ይችላል። ቤቱ ከአያት አልፎ ለገጣፎ ክልል ከሆነ ደግሞ ያ ስፍራ በኦሮሚያ ሥር ያለው የሸገር ከተማ ነው፤ ውሉ የት እንደሚመዘገብና ምን እንደሚጠይቁ ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው ያለውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ስትወጡ

መውጣታችሁን ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ አሳውቁ። በመጨረሻው ወር «መያዣዬ ስላለ ኪራይ አልከፍልም» አትበሉ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ትልቅ ስሕተት ነው። ኪራይ መክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ 15 ቀን ከዘገየ አዋጁ ለአከራዩ ውል የማቋረጥ ምክንያት ይሰጠዋል፤ እናንተም ባለ መብት ሆናችሁ መውጣት ሲገባችሁ ባለ ዕዳ ሆናችሁ ትወጣላችሁ።

ከመውጣታችሁ ከሳምንት በፊት የራሳችሁን ጥገና ጨርሱ። ከአያቱ ቤት ስወጣ በሩን አሸዋ ወረቀት ፈግፍጌ በ450 ብር ቀለም ራሴ ቀባሁት፤ የግድግዳውን ጠርዝ አጠብሁ፤ ቁንጫ እንዳይቀር ቤቱን መድኃኒት አስረጨሁ። ቁንጫ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ቀጣዩ ተከራይ በገባ በሦስተኛው ቀን ሲነከስ አከራዩ የሚያስበው እናንተን ነው። የመድኃኒት ርጭቱን ደረሰኝ ያዙ።

ከዚያ አከራዩን ጠርታችሁ በመግቢያ ቀን በቀረጻችሁት ቪዲዮ ቅደም ተከተል አብራችሁ ዙሩ። ስልኩን ከፍታችሁ ያንኑ በር ያኔና አሁን አሳዩ። አለመግባባት ከተነሣ ድምፅ ሳታሰሙ ጉዳዩን ጻፉት፦ የትኛው ዕቃ፣ ስንት ብር፣ ማን ይጠግነዋል። አከራዩ ዝርዝር መስጠት ካልፈለገ መጀመሪያ ሁለታችሁም የምታከብሩትን የሰፈር ሽማግሌ ጥሩ፤ በእኛ ሰፈር የዕድሩ ሊቀ መንበር ብዙ እንዲህ ያለ ነገር ጨርሰዋል። ካልሆነ ውሉን፣ የባንክ ደረሰኙንና ፎቶዎቹን ይዛችሁ ውሉ ወደ ተመዘገበበት ወረዳ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ። ወረቀታችሁ የተሟላ ከሆነ አብዛኛው አከራይ ወረዳው ደጃፍ ሳይደርስ ይመልሳል።

ገንዘቡ ሲመለስ በመጣበት መንገድ ይመለስ፤ በባንክ የሄደው በባንክ። አከራዩ የግድ በእጅ መስጠት ከፈለገ «የውሻ መያዣ ብር ይህን ያህል ተመልሷል» የሚል ወረቀት ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንዳንድ ቅጂ ያዙ፤ ይህ እሳቸውንም ይጠብቃቸዋል። ቁልፎቹን በመዳፋችሁ ላይ ደርድራችሁ፣ ከጀርባ የቆጣሪው ንባብ እንዲታይ አድርጋችሁ የመጨረሻውን ፎቶ አንሡ፤ ከዚያ ቁልፉን ስጡ። የአሥራ አምስቱ ቀን ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያች ሰዓት ነው።